መልስ የሚቀበል ሥዕል፤ የፕሮፌሰር ሮናልድ ቤከር ምርምርና የቆላው መሐንዲስ

በነጌሌ ቦረና በተደረገው የማኅበሩ አባላት ስብሰባ ላይ የተሰማ ንግግር



ስለ ኮምፒዩተር ሥዕል ልናገር መነሣቴን የሰማ ባልደረባ፣ ይህ የፊልም ሠሪዎችና የጨዋታ ፈልሳፊዎች ነገር ጉድጓድ ለሚያስቆፍር፣ መንገድ ለሚጠርግና የውሃ መስመር ለሚዘረጋ መሐንዲስ ምኑ ነው ቢል አልፈርድበትም። በዚህ ቆላ አገር ከሥዕሉ ይልቅ የናፍጣውና የመለዋወጫው ነገር እንቅልፍ የሚነሣን ብዙዎች ነን። ይሁን እንጂ ዛሬ የማነሣቸው ሰው፣ በካናዳ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ሳይንስ መምህር ሆነው የኖሩት ፕሮፌሰር ሮናልድ ቤከር፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ የደከሙበት ጥያቄ በያቤሎም፣ በሞያሌም፣ በፊልቱም፣ በዚች በነጌሌም ንድፋችንን ዘርግተን ከሕዝብ ፊት በቆምን ቁጥር የሚገጥመን ነው። ጥያቄውም፣ በሥዕሉ ላይ የሚያዘው ማን ነው? የሚል ነው።

እንደሚታወቀው ኮምፒዩተር በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቁጥር ተቀብሎ ቁጥር የሚመልስ መኪና ነበር። ሠራተኛው ጥያቄውን በካርድ ላይ አስበስቶ ያስረክባል፤ መልሱን ከብዙ ሰዓት በኋላ ታትሞ ይቀበላል። በዚህ ልማድ ላይ ትልቅ ለውጥ ያመጡት ኢቫን ሰዘርላንድ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1963 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ለዶክትሬት ማዕረግ ያቀረቡት ሥራ «ስኬችፓድ» ይባላል። በሊንከን ላቦራቶሪ በነበረው ቲኤክስ-2 በተሰኘ ግዙፍ ኮምፒዩተር ስክሪን ላይ በብርሃን ብዕር መስመር ይሥላሉ፤ ሁለት መስመሮች ትይዩ ይሁኑ ብለው ሲያዙ መኪናው ያስተካክላቸዋል፤ አንዱን ጫፍ ሲጎትቱ የተያያዘው ሁሉ አብሮ ይጎተታል። ዛሬ ማናችንም በአውቶካድ የቧንቧ መስመር ስናስተካክል የምናደርገው ይህንኑ ነው።

በዚያው ጊዜ ገደማ ኬን ኖልተን በቤል ላቦራቶሪዎች «ቤፍሊክስ» የተባለ ቋንቋ አዘጋጅተው ኮምፒዩተር ተንቀሳቃሽ ፊልም እንዲሠራ አድርገዋል። ነገር ግን በቤፍሊክስ የሚሠራ ሰው ሥዕሉን የሚያዘው በጽሑፍ ነበር፤ ትእዛዙን ጽፎ ሰጥቶ ፊልሙ ታጥቦ እስኪመለስ ድረስ የሠራውን አያየውም። እንግዲህ በአንድ በኩል ለእጅ የሚታዘዝ፣ ነገር ግን በአብዛኛው ቆሞ የሚታይ ሥዕል ነበረ፤ በሌላው በኩል የሚንቀሳቀስ፣ ነገር ግን እጅ የማይደርስበት ሥዕል ነበረ። ቤከር የገቡት በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው።

እርሳቸውም በዚያው ተቋም፣ በዚያው በቲኤክስ-2 ላይ ሠርተው እ.ኤ.አ. በ1969 ለዶክትሬታቸው ያቀረቡት ሥርዐት «ጄኔሲስ» ይባላል። አሠራሩን ጥቂት ላስረዳ፤ የዛሬው ንግግሬ ሁሉ የተንጠለጠለው በዚህ ላይ ነውና። ሠዓሊው በመጀመሪያ የሚንቀሳቀሰውን ነገር ይሥላል፤ ወፍ ነው እንበል። ቀጥሎ ኤሌክትሪካዊውን ብዕር ይዞ ወፉ የሚበርበትን መንገድ በእጁ ያሳያል። ቀስ ብሎ ቢጀምር፣ መካከል ላይ ቢፈጥን፣ አንድ ቦታ ላይ ቆም ቢል፣ ኮምፒዩተሩ የሚመዘግበው የመንገዱን ቅርጽ ብቻ ሳይሆን የእጁን ፍጥነትና ዕረፍት ጭምር ነው። ቤከር ይህን መስመር «ፒ-ከርቭ» ብለው ሰየሙት። በወረቀት ላይ ያለ ተራ መስመር የት እንደ ተሄደ ይነግረናል እንጂ መቼና በምን ፍጥነት እንደ ተሄደ አይነግረንም። ፒ-ከርቭ ግን በእኩል የጊዜ ልዩነት የሚቀመጡ ምልክቶች አሉት፤ ምልክቶቹ ሲራራቁ ፍጥነትን፣ ሲቀራረቡ ዝግታን፣ በአንድ ቦታ ሲከማቹ ዕረፍትን ያሳያሉ። ሠዓሊው እንደ ጨረሰ ወፉ በዚያው መንገድ፣ በዚያው ስልት ሲበር ወዲያው ያየዋል፤ ካልወደደው ሰርዞ እንደገና ያሳያል። ፕሮግራም መጻፍ የማያውቁ ሠዓልያን በዚህ ሥርዐት አጫጭር ፊልሞች ሠርተዋል።

የአገራችን ሰው መንገድ ሲያመለክት እጁን እንዴት እንደሚያንቀሳቅስ ልብ ብላችሁ ከሆነ ፒ-ከርቭ አዲስ ነገር እንዳልሆነ ትረዳላችሁ። ዳገቱ ላይ እጁ ይዘገያል፤ ሜዳው ላይ ይፈጥናል፤ ውሃው ዘንድ ሲደርስ ይቆማል። ቤከር ያደረጉት ይህ የእጅ ንግግር እንዳይጠፋ መኪናውን ማስተማር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1972 ወደ ቶሮንቶ ሄደው ሌስሊ መዜይ ከጀመሩት የኮምፒዩተር ሥዕል ጥናት ጋር ተቀላቀሉ፤ «የተንቀሳቃሽ ሥዕል ፕሮጀክት» ልንለው የምንችለው የምርምር ቡድንም ከዚያ አድጎ ዓለም የሚያውቀው ሆነ።

በዚያው በካናዳ፣ በኦታዋ በሚገኘው ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት፣ ኔስተር በርትኒክና ማርሴሊ ዌይን የተባሉ ሁለት ሰዎች በሌላ መንገድ ሄደው ነበር። በእነርሱ ዘዴ ሠዓሊው የመነሻውንና የመድረሻውን ሥዕል ብቻ ይሠራል፤ በመካከል ያለውን ኮምፒዩተሩ ራሱ ይሞላዋል። ፒተር ፎልዴስ በዚህ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1974 «ረሃብ» የተሰኘ አጭር ፊልም ሠርተው በካን የዳኞች ሽልማት አግኝተውበታል፤ ለኦስካርም ታጭቷል። (የእኛዋ ወሎ በዚያው ሰሞን በእውነተኛው ረሃብ ውስጥ እንደ ነበረች ሳያስታውስ ይህን ርእስ የሚያነብ ኢትዮጵያዊ ያለ አይመስለኝም።) ዘዴው ድካም ስለሚቀንስ ዛሬ በአኒሜሽን ሥራ ሁሉ የተስፋፋው ይኸው ነው፤ አላቃልለውም። ነገር ግን የእኛ የፕሮጀክት ሰነድ በዚህ ዘዴ የተሠራ ሆኖ ይታየኛል። «አሁን ያለው ሁኔታ» የሚል አንድ ካርታ፣ «ፕሮጀክቱ ሲጠናቀቅ» የሚል ሌላ ካርታ እናቀርባለን፤ በመካከል ያለው በራሱ ይሞላል ብለን እንተማመናለን። ከብቱ የሚሞተውና ሰው የሚሰደደው ግን በመካከል ባለው ጊዜ ነው።

ወደ ቤከር ልመለስ። ስማቸውን ከሊቃውንቱ ክበብ አውጥቶ በየትምህርት ቤቱ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ1981 ከረዳቶቻቸው ጋር የሠሩት የ30 ደቂቃ ያህል ፊልም ነው። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ የተዘበራረቁ ቁጥሮችን ከትንሹ ወደ ትልቁ መደርደር። ለዚህ ሥራ ብዙ ዘዴዎች አሉ፤ ፊልሙ ዘጠኙን እያንዳንዳቸውን ያሳያል፤ ቁጥሮቹ ሲነጻጸሩ፣ ቦታ ሲለዋወጡ፣ ተራቸውን ሲይዙ በዓይን ይታያሉ። በመጨረሻም ዘጠኙ ዘዴዎች ባንድ ጊዜ ተነሥተው፣ እያንዳንዱ 2500 ቁጥር ለመደርደር ይሽቀዳደማሉ። ፈጣኞቹ ጨርሰው ሲያርፉ ዘገምተኞቹ ገና ነጥብ ይገፋሉ። ምክንያቱን በወረቀት ማስላት አያስቸግርም። ቁጥሩን ሁሉ ከሁሉ ጋር የሚያነጻጽረው ዘዴ ከ3 ሚሊዮን በላይ ማነጻጸር ያስፈልገዋል፤ ብልኁ ዘዴ በጥቂት አሥር ሺዎች ይጨርሳል። ይህን ቀመር በጥቁር ሰሌዳ ላይ ገልብጦ የረሳ ተማሪ ብዙ ነው፤ ውድድሩን ያየ ግን በቀላሉ አይረሳውም።

ይሁንና አንድ ነገር መናገር ተገቢ ነው። ይህ ፊልም ራሱ ለተመልካቹ መልስ አይሰጥም። ተማሪው የራሱን ቁጥር አስገብቶ እስቲ ይህን ደርድርልኝ ሊለው አይችልም። በእኔ አስተያየት ቤከር በጄኔሲስ ያነሡትን አሳብ በዚህ ፊልም ጥቂት ወደ ኋላ መልሰውታል። ጉድለቱን የሞሉት በአሜሪካ የብራውን ዩኒቨርሲቲ ሰዎች፣ ማርክ ብራውንና ሮበርት ሴጅዊክ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1984 ባስተዋወቁት «ባልሳ» በተባለ ሥርዐት ተማሪው አሠራሩን እንዲያቆም፣ እንዲያዘገይ፣ የራሱን መረጃ እንዲሞክር አድርገዋል። መንገዱን የከፈተው ግን የቤከር ፊልም መሆኑ አይካድም።

አሁን ይህ ሁሉ እኛ ዘንድ ምን ይሠራል ወደሚለው ልለፍ። ተራ ማስያዝ በኮምፒዩተር ብቻ የሚገኝ ጉዳይ አይደለም። በዱብሉክና በዌብ ያሉትን የቦረና ጥልቅ ጉድጓዶች አብዛኞቻችሁ አይታችኋል፤ «ቱላ ሰልጋን»፣ ዘጠኙ ቱላ የሚባሉት ናቸው። (ከፊልሙ ዘጠኝ ዘዴዎች ጋር ቁጥሩ መግጠሙ አጋጣሚ ነው፤ ትርጉም አትፈልጉለት።) ሰዎች ከጉድጓዱ እስከ ገንዳው በላይ በላይ ቆመው ባልዲ እየተቀባበሉ፣ እየዘፈኑ ውሃ ያወጣሉ። ጎብኚዎች የሚጽፉት ስለ ዘፈኑ ነው። መሐንዲስን ሊያስደንቀው የሚገባው ግን የተራው ሥርዐት ነው። ጉድጓዱን ያስቆፈረው ሰው ወይም ወራሹ፣ አባ ኮንፊ፣ የመጀመሪያ ተራ አለው፤ የቀረውን ተራ የጉድጓዱ ጉባኤ ይወስነዋል፤ አባ ሄሬጋ የተባለው ኃላፊ ደግሞ ያስፈጽመዋል። በበጋ ከብቱ በየሦስተኛው ቀን ብቻ የሚጠጣው በዚህ ሥርዐት ነው።

የተራ ጉዳይ ከቧንቧው ጉዳይ እንደማያንስ ይህች ከተማ ራሷ ምስክር ናት። ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. በነጌሌ ቦረና የነበረው የጦር ክፍል ያመፀው ስለ ምግብና ስለ ውሃ ነበር። የወታደሮቹ የውሃ መሳቢያ ተበላሽቶ ሳለ ከመኮንኖቹ ጉድጓድ እንዳይጠቀሙ ተከለከሉ፤ ሁኔታውን ሊያጣሩ የመጡትንም ጄኔራል ይዘው ወታደሩ የሚበላውንና የሚጠጣውን አቀረቡላቸው። የዚያ ዓመት ነገር ወዴት እንዳደረሰ ሁላችንም እናውቃለን። መሳቢያው ቢበላሽ ይጠገናል፤ ተራ የተከለከለው ሰው ቁጣ ግን በመለዋወጫ የሚጠገን አልነበረም።

አንድ ምሳሌ ላስላ። በሰከንድ 3 ሊትር የሚሰጥ ጉድጓድ በቀን ለ10 ሰዓት ቢሠራ 108 ሺህ ሊትር ይወጣዋል። ሦስት ቀን የቆየ አንድ ከብት 40 ሊትር ይጠጣል ብንል በቀን 2700 ከብት ያጠጣል፤ በሦስት ቀን ተራ ደግሞ 8100። በወረቀታችን ላይ ይህን ጽፈን በቂ ነው እንላለን። ተራው ፈርሶ ከእነዚህ እኩሌታው በአንድ ቀን ቢመጣ ግን 1350 ከብት ሳይጠጣ ያድራል፤ በማግሥቱም ከአዲስ መጪው ጋር ይጋፋል። የቧንቧው ንድፍ ይህን አያሳይም። ከብቶቹን በነጥብ ወክሎ፣ የተለያየ ተራ እየሰጠ፣ ገንዳው ዘንድ ሲሰለፉ የሚያሳይ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ግን ከፊደል ጋር ለማይተዋወቅም ሰው ያሳየዋል። አባ ሄሬጋም ሥዕሉን አቁሞ፣ አይደለም፣ እነዚያ ቀድመው ይምጡ ለማለት ይችላል። ያን ጊዜ ስለ ገንዳው ብዛት የምንነጋገረው ከሚያውቅ ሰው ጋር ይሆናል።

ከዚህም የሚበልጠው የመሬቱ ጉዳይ ነው። አንድ ጊዜ ኩሬ የሚቆፈርበት ቦታ በወረቀት ካርታ ለሽማግሌዎች ሲቀርብ ተገኝቼ ነበር። ካርታው ንጹሕ ነበር፤ ከፍታውም በትክክል ተነሥቷል። አንድ አባት ለረጅም ጊዜ ከተመለከቱት በኋላ ይህ የየትኛው ወር መሬት ነው ብለው ጠየቁ። አቅራቢው ካርታ ወር የለውም ሲል መለሰ፤ ከዚያ በኋላ ብዙ ጥያቄ አልቀረበም፤ ስብሰባውም ተስማምቷል ተብሎ ተጻፈ።

የአባትዬው ጥያቄ ግን የሙያ ጥያቄ ነበር። በዚህ አገር ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚዘንበው ረጅሙ ዝናብና ከመስከረም እስከ ኅዳር የሚዘንበው አጭሩ ሀገያ ግጦሹን ይወስኑታል። የሚታለቡት ላሞች፣ ዋራ የሚባሉት፣ ከመንደር አይርቁም፤ ፎራ የሚባሉት ደረቅ ከብቶች ግን ሩቅ ይጓዛሉ። አንዱ መሬት በዝናብ ጊዜ ብቻ እንዲጋጥ የሚያስገድደው በበጋ ውሃ ማጣቱ ነው፤ ውሃ ማጣቱም ሣሩን ያሳርፈዋል። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ በእንስሳት ሀብት ልማት ፕሮጀክቶች በመኪና የተቆፈሩት ኩሬዎች በዚህ ላይ ያመጡት ለውጥ ይታወቃል፤ ውሃው በተገኘበት ቦታ ከብቱ ከረመ፣ ሣሩም ዕረፍት አጣ። እነዚያን ኩሬዎች የቆፈሩ መሐንዲሶች ሥራቸውን የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ። ካርታቸው ግን ወር አልነበረውም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሽፈው ከብቱ ባለቀ ጊዜ፣ የበጋ መጠጊያ የሚሆን ያረፈ ግጦሽ ምን ያህል ይጠቅም እንደ ነበር በዓይናችን አይተናል።

ፒ-ከርቭ የሚያስፈልገን እዚህ ላይ ነው። የቲኤክስ-2ን ሥራ ዛሬ በአንድ ታብሌት መሥራት ይቻላል። የአካባቢውን የሳተላይት ምስል ከፍተን ብዕሩን ለሽማግሌው ብንሰጥ፣ እርሳቸውም ፎራው ከዝናቡ ማግሥት ጀምሮ የሚሄድበትን በእጃቸው ቢያሳዩ፣ የት እንደሚፈጥን፣ የት ወር እንደሚቆይ፣ የት ውሃ ብቻ ጠጥቶ እንደሚያልፍ ከእጃቸው ዝግታ ይመዘገባል። ከዚያ ነጥቦቹ ሲሄዱ አብረን እናያለን። ሌላው ሽማግሌ ይህ የጥሩ ዓመት ነው፣ የክፉውን ዓመት እኔ ላሳይ ቢሉ፣ ሁለተኛ መስመር ይጨመራል። አዲሱን ኩሬ በሥዕሉ ላይ አስቀምጠን ነጥቦቹ ወዴት እንደሚሰበሰቡ የምንጠይቀው ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ ነው።

ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ጅምር የለም አልልም። «አፍሪስካውት» የተባለው የስልክ አገልግሎት በኢትዮጵያ፣ በኬንያና በታንዛንያ ለአርብቶ አደሮች የግጦሽ ካርታ በሳተላይት ምስል እያሳየ ሠርቷል። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ በቦረና የተሞከረው የከብት መድንም ክፍያውን የሚወስነው ሳተላይት በሚለካው የሣር ልምላሜ ነው። የመድኑ ደንበኛ ግን የሚያየው የገንዘቡን ልክ እንጂ ገንዘቡን የወሰነውን ሥዕል አይደለም፤ ሥዕሉ ተሳስቷል ብሎ ለመከራከር የሚይዘው ነገር የለውም።

በሌላ በኩል፣ ኮምፒዩተር ሥዕል ሲባል ዛሬ በየምረቃው የሚታየውን ፊልም የሚያስብ አለ። ካሜራው ከሰማይ ይወርዳል፣ ውሃው ሰማያዊ ነው፣ ሣሩ አረንጓዴ ነው፣ ሙዚቃም አለው። እኔ ለዚህ ዐይነቱ ሥራ አክብሮት የለኝም። የሚንቀሳቀስ መሆኑ ብቻ ከቤከር ጋር አያዛምደውም፤ እጅ የማይደርስበት ሥዕል ነውና። ወረቀት እንኳ ከእርሱ ይሻላል፤ በእርሳስ ይሰረዝበታል።

ቤከር በኋለኛው ዘመናቸው ከሥዕሉ ርቀዋል የሚሉ አሉ፤ እኔ አይመስለኝም። እ.ኤ.አ. በ1990 ከአሮን ማርከስ ጋር ባሳተሙት መጽሐፍ የፕሮግራም ጽሑፍ ራሱ ለሚያነበው ሰው ግልጽ ሆኖ እንዲታተም ደከሙ። ቀጥሎም ወደ አረጋውያን ዞረው፣ የማስታወስ ችሎታቸው ለደከመ ሰዎች የሕይወት ታሪካቸውን በሥዕልና በድምፅ አዘጋጅቶ ማቅረብን አጠኑ። እ.ኤ.አ. በ2019 ስለ ኮምፒዩተርና ኅብረተሰብ፣ በ2021 ደግሞ የዲጂታሉ ሕልም ወደ ቅዠት ስለ መለወጡ መጻሕፍት አወጡ። በወጣትነታቸው ብዕሩን ለሠዓሊው የሰጡ ሰው በስተርጅና መኪናው በሰው ላይ ማዘዝ ጀመረ ብለው ቢጮኹ የአሳብ ለውጥ አይደለም።

የእርሳቸው ሥጋት ለእኔ አሳብም ይሠራል፤ ሳልጠቅሰው ባልፍ ለስብሰባው ታማኝ አልሆንም። የፎራ መንገድ በሥዕል መውጣቱ ቀላል ነገር አይደለም። በዚህ አካባቢ የግጦሽና የውሃ ይገባኛል ደም ያፋሰሰ ጉዳይ ነው፤ አንዱ እንደ መሄጃ የሣለውን ሌላው እንደ ወሰን ሊያነብበው ይችላል። በክፉ ቀን ብቻ የሚከፈት መጠጊያ ግጦሽ በሥዕል ታውቆ በደህናው ቀን ሊወረር ይችላል። ስለዚህ ታብሌቱን ከመግዛታችን በፊት የሚወሰን ነገር አለ፤ ሥዕሉን ማን ያስቀምጠዋል? ማንስ ይሰርዘዋል?

ለማኅበሩ የማቀርበው አሳብ ጠባብ ነው። ፈቃደኛ በሆነ አንድ የግጦሽ ክልል፣ በአንድ ዴዳ ብቻ፣ የሁለት ወቅት እንቅስቃሴ በሽማግሌዎቹ እጅ ይሣል፤ መሣሪያው ያለ ኢንተርኔት የሚሠራና በፀሐይ ኃይል የሚሞላ ይሁን፤ ቋንቋው ኦሮምኛ ይሁን። እኔ በበኩሌ ሥዕሉ በዴዳው ሽማግሌዎች ዘንድ እንዲቀመጥ፣ ቅጂውም ያለ እነርሱ ፈቃድ ወደ ማንኛውም መሥሪያ ቤት፣ የእኛም ቢሆን፣ እንዳይገባ እደግፋለሁ። መረጃው በማእከል ካልተሰበሰበ ለፕላን አይጠቅምም የሚሉ አባላት እንዳሉ አውቃለሁ፤ በውይይቱ ሰዓት እንዲከራከሩኝ እጠይቃለሁ።